ባለ አንድ ዓይኑ ሽማግሌ

ባለፈው ማክሰኞ ሀይሌ ጋርመንት የለቡ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ አንድ ወጣት ከሱቅ በረንዳ በሳበው የመብራት ገመድ እንደ ብዕር የቀጠነ ካውያ ሰክቶ እንጨት ቁልፍ መያዣ ላይ ስም ሲያቃጥል አየሁ። ከማየቴ በፊት ግን ሸቶኛል። እንጨቱ ቀረሮ ነበር። ቀረሮ ሲቃጠል መጀመሪያ እንደተቆላ ገብስ ነው የሚሸተው፤ የጋለው ካውያ አንድ ቦታ ላይ ሲቆይ ግን ሽታው ይመርርና ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል። የልጁ ካውያ ይቆይ ነበር።

"ስም በአምስት ደቂቃ ነው ብሮ። የማንን ልጻፍልህ? የቺክህን?"

"መስመር ስትጨርስ መጀመሪያ አንሳ፣ ከዚያ አስብ" አልኩት። "እያሰብክ ስለምትቆይ ነው ጫፉ ላይ የሚጠቁርብህ።"

"ውይ፣ ኢንጂነር ተገኘ! ና ቁጭ በልና አሳየና!" አለና ሰልፈኛውን አሳቀብኝ።

ሰልፉን ትቼ በእግሬ ሄድኩ። ልጁ ምንም አላደረገኝም። ያናደደኝ ከአፌ የወጣው ነገር ቃል በቃል የጋሽ ዘለቀ መሆኑ ነው። ሰዎች ይህን ሥራ ማን አስተማረህ ሲሉኝ ራሴ ነኝ እላለሁ። ከአንድ የልጅነት ክረምት በኋላ ላለው እውነት ነው። የዚያን ክረምት ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ለቡ ነው፤ ያኔ ከቤቱ ጅምሩ ይበዛ ነበር፣ መንገዱም ከሰኔ እስከ መስከረም ጭቃ ነው። አባዬ ከሚሠራበት ፎቅ ወድቆ እግሩ ከተሰበረ ሰባት ወር ሆኖታል፤ አልጋው ላይ ሆኖ ጣሪያውን ያያል። እማዬ አስፋልት ዳር ድንችና ሽንኩርት ትሸጣለች። እህቴ ምህረት ዘጠነኛ ክፍልን ጨርሳለች። ግቢው ውስጥ ፊት ለፊት እኛ፣ ከኋላ በቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ጋሽ ዘለቀ ተከራይተን እንኖራለን።

ጋሽ ዘለቀ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው ነበሩ። በልጅነታቸው ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ጋር ቀለም ሲበጠብጡ አድገዋል። እኛ ደግሞ ጴንጤዎች ነን፤ ግድግዳችን ላይ ከቀን መቁጠሪያ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ስለዚህ ሥዕል ያየሁት እሳቸው ክፍል ነው። የክፍሉ ሽታ የተልባ ዘይት፣ ቀለም ማቅጠኛው አኳራጅና የተቃጠለ እንጨት ነው። ሦስቱ አይቀላቀሉም። በር ላይ አኳራጁ፣ ወደ ውስጥ ስትገባ ዘይቱ፣ ሳንቃው ጋ ስትደርስ ቃጠሎው።

በዚያ ክረምት ፉሪ ላይ ምግብ ቤት የሚከፍት አንድ ሰውዬ ትልቅ ሥራ አዘዛቸው። አራት የቀረሮ ሳንቃ በኮላ ተጋጥሞ ሁለት ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ከሃያ ሆነ። እዚያ ላይ የሚሠራው ተረት ነው፦ በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ ለዘንዶ የምትሰጥበት አገር። በግራ ዘንዶው፣ መሐል ልጅቷ፣ በቀኝ አሳልፈው የሚሰጧት ሦስት ሽማግሌዎች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በእርሳስ ይነደፋል። ከዚያ መስመሩና ጥላው ሁሉ በካውያ ይቃጠላል። የዘይት ቀለም የሚመጣው መጨረሻ ነው፤ ቃጠሎው ከሥር እንዲታይ ስስ ሆኖ ይቀባል። "ጥላው ከእሳት፣ ሥጋው ከቀለም" ይሉ ነበር። የሳቸው ቀኝ እጅ ግን መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ሰፊ ብሩሽ ይይዛል፤ ካውያ አይይዝም። ደብተሬ ላይ ፊደል ስጽፍ ለረጅም ጊዜ ካዩኝ በኋላ አንድ ቁራጭ ጣውላ ሰጥተው ቀጥ ያለ መስመር አቃጥል አሉኝ። አቃጠልኩ።

"ስማ ናቲ። ቀለም ካስጠላህ በአኳራጅ ታብሰዋለህ። የተቃጠለ ግን አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ አንሳ፣ ከዚያ አስብ።"

ሌላም ሕግ ነበራቸው። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ የተማሩት ነው። "ደግ ሰው ፊቱን ወደ አንተ አዙሮ ነው የሚሳለው፤ ሁለቱም ዓይኑ ይታያል። ክፉ ሰው በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ።"

እኔ ይህ ስለ ሥዕል ብቻ መሆኑ አልገባኝም። ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ ሁልጊዜ በጎን ስለሚታየኝ ሹፌር ሁሉ ክፉ ነው ብዬ ደመደምኩ፤ ረዳቱ ወደኛ ዞሮ ሂሳብ ስለሚል ደግ ነው። እማዬ ስትጸልይ ሁለቱንም ዓይኗን ትጨፍናለች። እሷን የት እንደምመድባት ብዙ አሰብኩ።

እማዬ ሥራውን ያየችው አንድ ቀን ልትጠራኝ ስትመጣ ነው።

"ዘንዶ! በኢየሱስ ስም! ጋሽ ዘለቀ፣ ልጄን ሰይጣን ያስስሉታል?"

"የምህረት እናት፣ መጨረሻ ላይ እኮ ዘንዶው ይሞታል።"

"የታለ የሞተው? እኔ የማየው አፉን ከፍቶ ነው።"

"እሱ ሌላ ሳንቃ ነበር። ሰውየው አልፈልግም አለ። የሞተ እባብ እያየ ማን ክትፎ ይበላል አለኝ።"

እማዬ ሳትወድ ሳቀች። እኔ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ዘንዶው የማይሞት ከሆነ ልጅቷ ምን ትሆናለች?

የልጅቷን ፊት የመረጥኩት እኔ ነኝ። "የማንን ፊት እናድርግላት?" ሲሉኝ "የምህረትን" አልኩ። ምህረት የተገለበጠ የቀለም ቆርቆሮ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ደቂቃ አፏን አትዘጋም።

"ጋሼ፣ አፍንጫዬን ቀነስ ያድርጉልኝ። የናቲን እንዳይመስል።"

"ዝም በይ፣ ከንፈርሽ ይሄዳል።"

"ከመበላቴ በፊት እንኳ ትንሽ ያሳምሩኝ እንጂ! ዘንዶውም ቢሆን ዓይን አለው።"

ጋሽ ዘለቀ ክንዳቸውን ዘርግተው በእርሳስ ይለኳት ነበር፤ ከቅንድብ እስከ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ እስከ አገጭ። ጉንጯ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

"ስንት ዓመትሽ ነው?"

"አሥራ ስድስት። ለጥቅምት አሥራ ሰባት።"

"ያስታውቃል። የልጅ ጉንጭ ነው፤ አጥንቱ ገና አልወጣም። ናቲ፣ እዚህ ጋ ጥላ እንዳታደርግ። እዚህ ካቃጠልክ ታስረጃታለህ።"

አላቃጠልኩም። ጉንጯ ላይ ቀረሮው ሳይነካ እንዳለ ቀረ። ሁለቱን ዓይኖቿን ሳቃጥል አምስት ቀን ፈጀብኝ። እሳቸው ቀለሙን ሲቀቡት ምህረት ከሳንቃው ወደ እኛ ታይ ጀመር፤ ዕድሜዋ ላይ አንድ ቀን ሳይጨመርባት።

ደላላ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ያ ሁሉ ጭቃ እያለ ጫማው ነጭ ነበር፤ እንዴት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከሱ በፊት ሽቶው ገባ። ምህረትን ሰማያዊው ግድግዳ ሥር አቁሞ በስልኩ ፎቶ አነሳት።

"ፊቷ ጥሩ ነው። እዚያ ይወዱታል" አለ።

እዚያ ማለት ዓረብ አገር ነው። ለቤት ሥራ። እማዬ ጌታ በር ከፈተ አለች። አባዬ ጣሪያውን አየ። ምህረት ማታ ስታነጥፍልኝ "ሻንጣ ይገዙልኛል፣ ጎማ ያለው" ብላ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

እኔ ነገሩ የገባኝ በራሴ መንገድ ነበር። ደላላው ሳንቃውን ሳያይ አልቀረም። ለዘንዶ የምትሰጠውን ልጅ ፊት የመረጥኩት እኔ፤ ያቃጠልኩት እኔ፤ የሚወስዷት በኔ ምክንያት ነው። በማግስቱ ጠዋት የጋሽ ዘለቀን በር ሳላንኳኳ ገባሁ።

"ጋሼ፣ ፊቷን ይቀይሩት።"

"የማንን?"

"የምህረትን። እኔ ስለመረጥኳት ነው የሚወስዷት።"

ሊስቁ ነበር፤ ተዉት። "ሥዕል ሰው አይወስድም፣ ልጄ።"

"ታዲያ ማነው የሚወስዳት?"

ብርጭቆ ወረቀቱን አንስተው ሰጡኝ። "ያን ጥግ አለስልሰው። የተቃጠለ አይመለስም፣ ነግሬሃለሁ።"

አንድ ችግር ግን ነበር፤ ምህረት ዕድሜዋ አልደረሰም። ደላላው ቀላል ነው አለ። ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄደው "እናውቃታለን፣ ዕድሜዋ ይህን ያህል ነው" ብለው የሚፈርሙ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ብቻ ያስፈልጋሉ። ረቡዕ ጠዋት በዝናብ፣ ጋሽ ዘለቀ የበዓል ኮታቸውን ለብሰው ከእማዬ ጋር ሲወጡ አየሁ። ኮቱ ቡናማ ነው፤ የግራ እጅጌው ላይ አንድ ቁልፍ የለውም። እማዬን ጃንጥላ ያዙላት።

ከምሳ በፊት ተመለሱ። እማዬ ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላስቲክ ሥር አስገብታ ለምስጋና ተንበረከከች። ዓይኗን ጨፍና ሳለች አነበብኩት። ምህረት ሃያ አንድ ዓመቷ ነው ይላል። ከሥር ሦስት ፊርማ አለ። ሦስተኛውን ስሙን ሳላነብ አወቅኩት። መስመሩ የተንቀጠቀጠ ነው። በሦስት ቦታ ቀለሙ ጠቁሯል፤ እስክሪብቶው እዚያ እዚያ ቆሟል። ካውያ አልይዝም ያለ እጅ እስክሪብቶ ይዟል።

ሮጬ ሄድኩ። ኮታቸውን ምስማር ላይ እየሰቀሉ ነበር።

"ጋሼ፣ ምህረት ስንት ዓመቷ ነው?"

የተሰቀለውን ኮት እጅጌ አስተካከሉ።

"በእርሳስ ለክተዋታል እኮ! ጥላ እንዳታደርግ፣ ታስረጃታለህ ያሉኝ እርስዎ ነዎት!"

"ናቲ፣ ይሄ የትልቅ ሰው ጉዳይ ነው።"

"ስንት ነው?"

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። "ሳንባዬን ታምሜ በተኛሁ ጊዜ ሦስት ወር አጥሚት ያጠጣችኝ እናትህ ናት። መጥታ እግሬ ላይ ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። በምን አፌ እምቢ ልበላት? ይሉኝታ የሚባል ነገር አለ። ስታድግ ይገባሃል።"

አድጌያለሁ። አልገባኝም። በዚያች ከተማ ጥግ ላይ አንዲት ልጅ በአንድ ጠዋት አምስት ዓመት ያረጀችው ክፉ ሰዎች ስለተሰበሰቡ አይደለም። እምቢ ማለት የሚያፍሩ ሦስት ጥሩ ሰዎች ስለተሰለፉ ነው። አጥሚት ላጠጣች እናት ውለታው በልጇ የሚከፈል ከሆነ አጥሚቱ ቢቀር ይሻል ነበር።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ከሳንቃው የቀሩት ሦስቱ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። በእርሳስ ተነድፈዋል፤ ሦስቱም በጎን፣ ባለ አንድ ዓይን። ጋሽ ዘለቀ "ፊታቸውን ከራሴ ነው ያመጣሁት፣ የማንም አይደለም። እርሳሱን ብቻ ተከተል" ብለውኝ ቢጫ ቀለም ሊገዙ ወደ ጋርመንት ሄዱ።

ሁለቱን እንዳሉት እርሳሱን ተከትዬ አቃጠልኩ። የፊተኛውን፣ የልጅቷን ክንድ ይዞ የሚያስረክበውን፣ በላጲስ አጠፋሁት። ከዚያ ሳልነድፍ፣ በቀጥታ በካውያ፣ ጋሽ ዘለቀን ሠራኋቸው። በክረምቱ ሙሉ ከጎናቸው ቁጭ ብዬ ስለሠራሁ በጎን አውቃቸዋለሁ። አፍንጫቸው ከላይ አንድ ሦስተኛው ላይ የተሰበረ ነው። ከጆሯቸው ሥር ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። የመነጽራቸው እጀታ በጥቁር ክር የታሰረ ነው፤ ክሩን ሰባት ዙር አድርጌ አቃጠልኩት፣ ሰባት ስለሆነ። እጄ አልቆመም። እያንዳንዱን መስመር ስጨርስ መጀመሪያ አነሳሁ። ማሰብ አላስፈለገኝም።

ከዚያ አንድ ዓይን አደረግኩላቸው።

ስምንት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው መጡና አዩት። ከዚያ የሆነውን መጨረሻ ላይ እናገራለሁ። ቅዳሜው ይቅደም።

ቅዳሜ ጠዋት ምህረት ልትሰናበት ወደ ቆርቆሮው ክፍል ገባች። ጎማ ያለው ሻንጣ ገዝተውላታል፤ ጎማው ጭቃ ውስጥ ስለማይሽከረከር በር ላይ ትታዋለች። ሥራው አልቆ ግድግዳው ላይ ቆሟል። መጀመሪያ ራሷን አየች። ቀጥላ ክንዷን የያዘውን።

"ውይ! ጋሽ ዘለቀ አይደሉም እንዴ?" ብላ ሳቀች። "ክሩ ሳይቀር! ግን ለምን አንድ ዓይን ብቻ ሆኑ?"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። እሷ ሕጉን አታውቅም፤ እኛ ቤት ማንም አያውቅም።

"አሳልፎ የሚሰጥ ሰው እንዲህ ነው የሚሳለው" አሉ ጋሽ ዘለቀ፣ ቀስ ብለው።

"ኧረ ይተዉ! እርስዎማ ደግ ነዎት" አለችና ሁለት ጉንጫቸውን ሳመች።

እሳቸውም ቆመው ተሳሙ። ከዚያ ሻንጣዋን ተሸክመው እስከ አስፋልቱ ድረስ በጭቃው ሸኟት። ልቀበላቸው ሞከርኩ፤ ለኔ ይከብድ ነበር፣ ከመሬት አልተነሳልኝም። ረዳቱ "ጋርመንት! ጋርመንት የሞላ!" እያለ ሻንጣውን ከእጃቸው ተቀበለ። ምህረት በመስኮት በኩል አየችን። በጎን አልነበረም፤ ዞራ ነው፣ በሁለት ዓይኗ። ከዚያ በኋላ የሆነባትን እዚህ አልጽፍም። የሷ ነው፤ ከፈለገች እሷ ትናገረዋለች።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ቅዳሜው አይደለም። ሐሙሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሲገቡ የቢጫውን ቱቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሳንቃውን አዩ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና መልሰው አደረጉ። እኔ የጋለውን ካውያ እንደያዝኩ ጥፊ እጠብቃለሁ።

"ካውያውን ንቀል" አሉ።

ነቀልኩ። ጣታቸውን በአፍንጫቸው አጥንት ላይ አስኬዱ።

"ስብራቱን ከፍ አድርገኸዋል።"

"አላደረግኩም።"

ከመስኮቱ ደፍ ላይ የተሰበረ መስታወት አምጥተው ራሳቸውን በጎን አዩ፤ ሳንቃውን አዩ፤ እንደገና መስታወቱን። "አዎ" አሉ። "አላደረግክም።"

ቁጭ ብለው ቀለም ይደባልቁ ጀመር። ቡናማ፣ ትንሽ ቀይ፣ ከአዲሱ ቢጫ ጥቂት። የራሳቸውን ጉንጭ ቀቡ። ወፍራም ቀለም ደርበው ቢሸፍኑት ማን ይከለክላቸው ነበር? አልሸፈኑትም። ቃጠሎዬ ሁሉ ከሥር እንዲታይ አድርገው በስሱ ቀቡት፤ ስብራቱን፣ ነጥቧን፣ ክሩን። ዓይኑ ጋ ሲደርሱ ብሩሹን አስቀመጡ። ተነሡ። ጫማቸውን አደረጉ፤ ኮታቸውን ከምስማሩ አወረዱ።

ልቤ ዘለለ። ሊሄዱ ነው! ጽሕፈት ቤት ሄደው "ተሳስቻለሁ፣ ልጅቷ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው" ሊሉ ነው። ወደ በሩ ሮጬ ከፈትኩላቸው። ዝናብ ነበር። ኮቱን ራሳቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። በግቢው መሐል ወደ ውጭ በር የሚወስደውን መንገድ አለፉና ቧንቧው ጋ ደረሱ። ጣሳ ውሃ ቀድተው እጃቸውን በሳሙና ታጠቡ፤ ቀኙን ሁለቴ። ተመለሱ። ለዓይን እጅ ንጹሕ መሆን አለበት።

ከዚያ ዓይኑን ሠሩት። ቀኝ እጃቸውን በግራ እጃቸው አንጓውን ይዘው፣ ትንፋሻቸውን አቁመው። እንደዚያ ያለ ዓይን ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። ውኃ ያቀረረ አይደለም፣ አይለምንም፤ ያየውን ያውቃል። ፉሪ ክትፎ የሚበሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ያደንቁታል ይባላል።

"አሁን ልክ ነው?" ብለው ጠየቁኝ።

 በራፉ ላይ ቆሜ ወደ ውጭ አይ ነበር። የጎረቤት ሬዲዮ ዘጠኝ ሰዓት አለ። ከግቢያችን በር እስከ ጽሕፈት ቤቱ በእግር ስድስት ደቂቃ ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነበር።